ሙሽራ ያቦካችው

ረመዳን በገባ ቁጥር እናቴ ደሴ ከሚገኘው ቤታችን ደጃፍ ላይ ሙሸበክ ትጠብስ ነበር። ከአንድ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ሥር በምስማር ቀዳዳ አበጅታ፣ ቀዳዳውን በጣቷ ደፍና የቦካውን ቀጭን ሊጥ ትሞላበታለች። ከዚያ ጣቷን ታነሳና ሊጡን እንደ ክር እያወረደች በፈላው ዘይት ላይ ታዞረዋለች። ክቡ በክቡ ላይ እየተደረበ ይጠማዘዛል። ቀላ ሲል በሽቦ አንስታ የስኳር ውሃ ውስጥ ትነክረዋለች። መግሪብ፣ የማፍጠሪያው ሰዓት፣ ሊደርስ ሲል ደጃፋችን በሰው ይሞላል። ሰዉ የሚመጣው ግን ለሙሸበኩ ብቻ አልነበረም፤ ለወሬዋም ጭምር ነው።

አንድ ሰው፣ በተለይ ልጅ፣ «ሙሸበክ ምን ማለት ነው?» ብሎ ከጠየቃት እናቴ እጇን ከሥራው ሳታነሳ ታወራለታለች። ድሮ ነው፣ ትላለች። አንዲት ሙሽራ በበቅሎ ተጭና፣ በዘፈንና በእልልታ ታጅባ የባሏ ቤተሰብ ቤት ገባች። ከጫጉላ ስትወጣ አማቷ እስቲ እጅሽን እንየው ብለው ሊጥ አስቦኳት። ልትጋግር ስትቀመጥ ግን የቤቱ ሰው ሁሉ ከቦ ስለሚያያት እጇ በእፍረት ተንቀጠቀጠ፤ ሊጡ እየተንጠባጠበ የፈላ ዘይት ውስጥ ገባና ተጠማዘዘ። አማቷ ሊቆጡ አፋቸውን ሲከፍቱ የባሏ አባት አንዱን አንስተው ቀመሱ። ጣማቸው። ይህ ምን ይባላል ቢሉ፣ ስሙን የሚያውቅ ስላልነበረ «ሙሽራ ያቦካችው ነው» አሏቸው። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት እንግዳ ሲመጣ «ሙሽራ ያቦካችውን አምጡ» ይባል ጀመር። ሙሽራ ያቦካችው፣ ሙሽራ ያቦካች፣ እያለ እያጠረ ሄዶ ሙሸበክ ሆነ።

እኔ ይህን እንደ ተረት አልነበረም የሰማሁት። የሰፈራችን ወንዝ ከየት እንደሚመጣ፣ የአያቴ ስም ማን እንደሆነ እንደማውቀው ነበር የማውቀው። አድጌም፣ አግብቼም፣ ከባሌ ተለያይቼ ልጄን ታቅፌ ወደ እናቴ ቤት ስመለስም አልተጠራጠርኩትም።

ካርቱም የገባሁት በዘጠናዎቹ መግቢያ ላይ ነው። ልጄ ገና አፏን በወጉ አልፈታችም ነበር። እናቴ ጀርባ ላይ አሳዝያት ወጣሁ። ስሄድ አላለቀሰችም፤ ገበያ ደርሼ የምመለስ መስሏት እጇን አወዛወዘችልኝ። በመተማ፣ በገዳሪፍ አድርጌ ካርቱም ደረስኩና የሀገሬ ሰዎች አል-ጣኢፍ ከሚባለው ሰፈር አንድ ቤት በሠራተኝነት አስገቡኝ። የቤቱ እመቤት ባላቸው የሞቱባቸው ወይዘሮ ነበሩ። ሁላችንም ሐጃ እንላቸዋለን። ልጃቸው ከነሚስቱ ሳውዲ ይሠራል። ሴት ልጁን ለእናቱ ትቶላቸው ሄዷል። ልጅቷ ከኔ ልጅ በአንድ ዓመት ብትበልጥ ነው።

ሐጃ ክፉ ሴት አልነበሩም። «ያ ቢቲ» ነው የሚሉኝ፤ ልጄ እንደማለት ነው። ከሚበሉት አብልተውኛል፣ ዓርብ ዓርብ እንድወጣ ፈቅደውልኛል። ሌሎቹ የሀገሬ ልጆች ሪያድ በሚባለው የካርቱም ሰፈር ከሚሠሩበት ቤት የሚያወሩትን ስሰማ የኔ እድል ያሳፍረኝ ነበር። ይበልጥ የሚያሳፍረኝ ግን ልጅቷ ነበረች። እኔ ነኝ ገላዋን የማጥባት፣ እኔ ነኝ ፀጉሯን የምሠራት። እናቴን በስልክ እማ ስል ሰምታ እኔን እማ ትለኝ ጀመር። የመጀመሪያ ጥርሷ የወለቀው እጄ ላይ ነው፤ ጣሪያ ላይ አብረን ወረወርነው። የልጄ ጥርስ መውለቁን የሰማሁት ግን ከወለቀ በኋላ በስልክ ነው፣ የበቀለውም ጭምር። እዚህ አንዷን ባጎረስኩ ቁጥር እዚያ ካለችው አፍ ላይ የነጠቅኩ ይመስለኛል። ይህን ለማንም አላወራም። ማን ላይ ያልደረሰ ነገር አለና።

ከሰዓት በኋላ የካርቱም ፀሐይ መንገዱን ባዶ ሲያደርገው ቤቱ ይተኛል። ልጅቷ ግን አትተኛም። ከአየር ማቀዝቀዣው ሥር ምንጣፍ አንጥፌ አጠገቧ እጋደምና ተረት አወራላታለሁ፤ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በዚያች በተሰባበረች አረብኛዬ። ከሁሉ የምትወደው የሙሽራዋን ነበር። የእናቴን ድምፅ አስመስዬ ነው የምነግራት፣ እናቴ ቆም በምትልበት ቆም እያልኩ። መጨረሻው ሲደርስ እሷ ትቀድመኛለች፤ «ሙሽራ ያቦካችው» ትላለች፣ አንድም ፊደል ሳትስት።

በሁለተኛው ይሁን በሦስተኛው ረመዳኔ ሙሸበክ ሠርቼ ለፍጥር አቀረብኩ። ሐጃ ሲያዩት ደስ አላቸው። በመውሊድ ጊዜ ኦምዱርማን ከሚሸጠው ይልቅ የኔ ቀጭን ነው አሉ። ማን አስተማረሽ አሉኝ፣ እናቴ አልኳቸው። ስሙንም እናንተ ታውቁታላችሁ ወይ ሲሉኝ፣ እንዴታ፣ የኛ እኮ ነው ብዬ የሙሽራዋን ታሪክ ነገርኳቸው። ሐጃ ዕንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ንቀት አልነበረበትም፤ ልጅ ሲኮላተፍ እንደሚያስቀው ያለ ሳቅ ነው። ከዚያ የሁለት እጃቸውን ጣቶች እርስ በርስ አስገብተው ቆለፉና አሳዩኝ። ይህ ነው ሸበከ ማለት፣ አሉኝ። የመስኮቱን ፍርግርግ ብረት አመለከቱኝ፤ ሹባክ የተባለው ለዚህ ነው። ዓባይ ላይ ዓሣ አጥማጆቹ የሚጥሉት መረብ ሸበካ ነው። ለታጨች ልጅ የሚሰጠው ወርቅ ሳይቀር ከዚህ ቃል ነው የወጣው፣ ሁለት ቤት ያያይዛልና። ሙሸበክ ማለት እንግዲህ እርስ በርሱ የተጠላለፈ ማለት ነው፣ አሉኝ።

እኔም አብሬያቸው ሳቅኩ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። ሠራተኛን ይህን አምጪ፣ ያን አንሺ ይሏታል እንጂ አስቀምጦ ቃል የሚፈታላት የለም። ወጥ ቤት ገብቼ ዕቃ ሳጥብ ጣቶቼን እየቆላለፍኩ አየሁ። ለእናቴ የምነግራት አዲስ ነገር አገኘሁ ብዬ ዓርብ እስኪደርስ ቸኮልኩ።

ስልክ የምንደውለው አርካዊት ሰፈር ከነበረው የስልክ ማዕከል ነው። በየተራ ሳጥኗ ውስጥ እንገባለን። እናቴ ስልክ ስላልነበራት ጎረቤት ካለው ባለሱቅ ዘንድ ሄዳ ትጠብቀኛለች። ያን ዕለት ሰላምታውን እንኳ ሳልጨርስ እየሳቅኩ ነገርኳት። «እማ፣ ሙሸበክ እኮ የኛ ቃል አይደለም» አልኳት። «አረብኛ ነው። የተጠለፈ ማለት ነው።» ሐጃ ያሉኝ የተጠላለፈ ነበር። ደቂቃው እየሮጠብኝ፣ አረብኛውና አማርኛው አፌ ውስጥ እየተጋፋ፣ የተጠለፈ አልኩ።

መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ ሃሎ፣ ሃሎ አልኩ።

«አለሁ» አለች እናቴ። «እንዲያ ነው እንዴ?»

ተቆጣች አልልም። ድምፅዋ ብቻ ራቀ። እንደ ልማዷ አብሽሪ፣ አሏህ ያግዝሽ ብላ ስልኩን ለልጄ ሰጠቻት። ልጄ ያኔ አፏ ተፈቶ እንደ ልቧ ታወራለች። ለሷም ደግሜ ነገርኳት። የተጠለፈ፣ የተጠለፈ እያለች አጠናችው።

ስለ ልጄ አነጋገር አንድ ነገር ልናገር። እናቴን አንቺ ነው የምትላት። እኔን ግን አንቱ ነው የምትለኝ። ደህና ነዎት? መቼ ይመጣሉ? ይበርታ ጤናዎ። ማንም አላስተማራትም፤ አክባሪ ልጅ ስለሆነች ሩቅ ላለ ትልቅ ሰው የሚገባውን ነው ያደረገችው። አንቺ በይኝ ልላት ብዙ ጊዜ አፌ ላይ መጥቶ ነበር። በምን ፊቴ እላታለሁ ብዬ እተወዋለሁ።

በሚቀጥለው ረመዳን ስደውል ልጄ የሚያስቅ ነገር ልነግርዎ ብላ ጀመረች። ከአያቷ ጎን ተቀምጣ ሙሸበክ ስታሸጥ አንድ ገዢ የስሙን ትርጉም ይጠይቃል። እናቴ ልታወራለት ስትል ልጄ ትቀድማታለች። የተጠለፈ ማለት ነው፣ እናቴ ናት የነገረችኝ፣ ሱዳን ነው ያለችው፣ ትላለች። ሰዉ ይስቃል። አንዱ ጎልማሳ ለጨዋታ ብሎ፣ እንግዲያ ስንበላ የኖርነው ተጠላፊዋን ነው በሉኛ፣ ይላል። እናቴ ሊጡን ጨርሳ ጠብሳ፣ መጥበሻውን አውርዳ ቤት ገባች።

«ከዚያ ወዲህ ታሪኩን አታወራም» አለችኝ ልጄ። «ሲጠይቋት አላውቅም ትላለች።»

ያን ጊዜ የመሰለኝ እናቴ በልጅ ፊት ስለታረመች አኩርፋ ነው። ቅር አለኝ። ሁለት ቃል አረብኛ አወቅኩ ብዬ ስንት ዓመት የተከበረችበትን ደጃፍ መሳቂያ አደረግኩባት ብዬ ራሴን ወቀስኩ። ይቅርታ ልጠይቃት አሰብኩ፤ ግን ነገሩ ለይቅርታ ያነሰ፣ ለዝምታ የበዛ ሆነብኝና ከዓርብ ዓርብ አሳደርኩት። አል-ጣኢፍ ግን ሙሽራዋ በየቀኑ በበቅሎ ትገባለች። ልጅቷ ካላወራሁላት ዓይኗን አትከድንም። ሐጃ ከአልጋቸው ሆነው ይሰሙና፣ የነገርኩሽን ተይው፣ ይህኛው ይሻላል፣ እያሉ ይስቃሉ። የእናቴ ወሬ ከእናቴ ደጃፍ ጠፍቶ በሰው ልጅ አፍ ላይ እያማረበት ሄደ። ልጄ ከእንግዲህ አትሰማውም፣ ይህች ግን በቃሏ ይዛዋለች።

አርካዊት ውስጥ በርበሬና ቅመም የሚሸጡ አንዲት የወሎ ሴት ነበሩ። ካርቱም ብዙ የኖሩ ናቸው፤ አማርኛቸው ውስጥ አረብኛው ይበዛል። ሁላችንም አክስቴ እንላቸዋለን። አንድ ዓርብ በርበሬ ልገዛ ሄጄ ስንጨዋወት የት አካባቢ ነሽ አሉኝ። ደሴ አልኳቸው። እናትሽስ ከወዴት ናት ሲሉኝ የእናቴን የትውልድ መንደር ነገርኳቸው። የእናቴን ስም ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። የያዙትን መስፈሪያ አስቀመጡ።

እናትሽ እጅ ላይ፣ ከአንጓዋ በላይ ጠባሳ አለ ወይ አሉኝ። አለ። ዘይት ነው የፈሰሰባት አልኳቸው። አውቃለሁ አሉኝ።

ከዚያ የነገሩኝን እስከዛሬ እንደ ሰማሁት ይዤዋለሁ። እሳቸውና እናቴ ልጆች ሆነው አብረው ውሃ ይቀዱ ነበር። አንድ ጠዋት ከምንጩ ሲመለሱ ወንዶች ከቁጥቋጦ ወጡ። እናቴን ያዟት። እኚህ ሴት እንስራቸውን ጥለው ሮጡ። አልጮኹም። ብጮህ ይመለሱብኛል ብዬ ፈራሁ፣ አሉኝ። መንደር ሲደርሱ ምን አየሽ ሲባሉ ምንም አላሉም፤ ሰዎቹን የለዩዋቸው መሆኑ ከታወቀ ተራው የሳቸው እንዳይሆን ነው። ሰው ፍለጋ ሲወጣ እናቴ ሩቅ ሄዳለች። የወሰዳት ሰው አባቴ ነው።

የአባቴ ቤተሰቦች በገበያ መንገድ ላይ የሚኖሩ ነጋዴዎች ነበሩ። ሰንብቶ ሽማግሌ ተላከ፣ እርቅ ሆነ፣ ኒካህ ታሰረ። ረመዳን ነበር። ለእርቁ የመጡት ሰዎች የሚያፈጥሩበትን ሙሸበክ እሷ ትጥበስ ተባለ፤ ሙያዋ እንዲታይ። ከሰው ሁሉ ፊት መጥበሻው ጋ አስቀመጧት። እጇ ተንቀጠቀጠና ዘይቱ ክንዷ ላይ ተገለበጠ። አክስቴ ይህን ያወቁት ለእርቁ ከሄዱት ሰዎች አንዱ አባታቸው ስለነበሩ ነው።

«የእናትሽ አባትም እዚያው ነበር» አሉኝ። «ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጦ በላ። ቀና ብሎም አላያት።»

አባቴ ትንሽ ልጅ ሆኜ ነው የሞተው። የማስታውሰው ትከሻው ላይ አስቀምጦኝ መስጊድ ሲሄድ ነው። እወደው ነበር። አክስቴ ፊቴን አይተው፣ በኋላ ደህና ሰው ሆኗል ይባላል፣ አሉኝ ሊያጽናኑኝ። ከዚያ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ያን ቀን ባለመጮሃቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ እንቅልፍ እንደሌላቸው፣ ሀገራቸውን ጥለው የወጡትም ያን ምንጭ ላለማየት እንደሆነ ነገሩኝ።

ራክሻ በሚሉት ባጃጅ ስመለስ ሾፌሩ የሚያወራኝ አይሰማኝም ነበር። የተጠለፈ። በኛ ቋንቋ የቀሚስ ጥልፍም፣ የሴት ልጅ ጠለፋም ከአንድ ቃል ነው የሚወጡት። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ እንዳይነገር የሸፈነችውን ነገር እኔ በስልክ እየሳቅኩ በስሙ ጠራሁባት። ከዚያም ልጄን አስተምሬ በገበያተኛ ፊት አስጠራሁባት። አላወቅኩም ነበር። አለማወቄ ግን አላቀለለልኝም።

ዓርብ እስኪመጣ መጠበቅ አቃተኝና ሐጃን የቤቱን ስልክ ለመንኳቸው። ጠይቄያቸው አላውቅም ነበር። ለምን እንደሆነ አልጠየቁኝም፤ ልጅቷን ይዘው ወጡና በሩን ዘጉልኝ። ባለሱቁ እናቴን እስኪጠራልኝ ዘግቼ ደግሜ ደወልኩ።

ውሃ አብራት ትቀዳ የነበረችውን ሴት እንዳገኘኋት ነገርኳት።

«በሕይወት አለች?» አለች።

አለች፣ ስላልጮኸች ግን ሲጸጽታት ነው የኖረችው አልኳት።

«መሮጧ ደግ ነው በያት» አለችኝ እናቴ። «እኔም ብሆን እሮጥ ነበር። አደራ፣ ንገሪያት።»

ያን ቃል ስላት እንዳላወቅኩ፣ አፌ እንደሳተኝ፣ ልነግራት ሞከርኩ። ዕንባዬ አስቸገረኝ። እሷ ግን የምትረጋጋ ሴት ናት።

«ከየት ታውቂዋለሽ፣ ልጄ። ያልነገርኩሽ እኔ» አለች። «አንቺ አባትሽን ስትወጂው እያየሁ ምን ልበልሽ። ተረቱን ያወጣሁት ለስሙ ብዬ አልነበረም። የምናገርበት ሌላ መንገድ አጥቼ ነው። በበቅሎ አስገባኋት፣ በዘፈን አስገባኋት። ስደጋግመው እኔም ወደማመኑ ደርሼ ነበር።»

እንደገና አውሪው አልኳት። ሰዉ ሲጠይቅሽ አውሪለት። እሷም፣ ቃሉ የነሱ ከሆነ ይውሰዱት፣ እኔ ደክሞኛል አለችኝ።

ልጄን አቅርቢልኝ አልኳት። ለልጄ፣ አያትሽ ስለ ሙሸበክ የምታወራው ልክ ነው፣ እኔ ነኝ ያሳሳትኩሽ አልኳት። እናቴ ያልፈቀደችውን መንገር አልቻልኩም። ልጄ ትንሽ አሰበች።

«ታዲያ አረብኛ አይደለም ነው የሚሉኝ?»

«አረብኛም ነው» አልኳት።

«ሁለቱም እንዴት ልክ ይሆናል? የትኛው ነው እውነቱ?»

ስመጣ እነግርሻለሁ አልኳት። መቼ ይመጣሉ አለች። ኢንሻላህ በቅርቡ አልኳት፣ ሁልጊዜ እንደምላት።

በሚቀጥለው ዓርብ የእናቴን መልእክት ለአክስቴ አደረስኩ። ፊታቸውን አዙረው በርበሬውን ሲሰፍሩ ቆዩ፤ የሚገዛ ሰው ግን አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ለሐጃ የልጅ ልጅ የሙሽራዋን ታሪክ ማውራት አቃተኝ። ረሳሁት አልኳት። አላመነችኝም። ምንጣፉ ላይ ጎኔ ተጋድማ እሷ ራሷ ለኔ ታወራልኝ ጀመር፣ በአማርኛ፤ በቅሎውን፣ እልልታውን፣ የባል አባት አንስተው ሲቀምሱ። የሙሽራዋ እጅ የሚንቀጠቀጥበት ቦታ ስትደርስ የራሷን እጅ ታንቀጠቅጥልኛለች። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ እሰማታለሁ። ትንሽ ቆይቶ ወላጆቿ ሳውዲ ወሰዷት። በሄደች ሰሞን ሐጃም እኔም ምግብ አልወርድልን አለ። ሐጃ አንድ ቀን፣ ልጄ ልጁን ሲወስድብኝ የተሰማኝን ስሜት እናትሽ አንቺን ስትሸኝ ተሰምቷት ይሆናል፣ አሉኝ። የልጅሽንስ አላሉም። ያንን እኔው ጨረስኩት።

ልጅቷ ከሄደች መመለስ እችል ነበር። ግን እዚያ ያለው ቤት ከኔ በሚላከው ነው የሚተዳደረው፤ የልጄ ትምህርት ቤትም እንዲሁ። እያልኩ ዓመታት ሄዱ። ሐጃ አረጁ፣ እኔም ከሠራተኝነት ወደ አስታማሚነት ተሸጋገርኩ። እናቴ ጉልበቷ ደክሞ መጥበሱን ተወች። በመሀል እናቴ ነገሩን ለልጄ ራሷ ነግራታለች። ይህን ያወቅኩት ልጄ ድንገት ስለ ሙሸበክ መጠየቋን ስላቆመች ነው። እኔም አልጠየቅኳት።

አንድ ቀን ልጄ ስልክ ላይ፣ ያለወትሮዋ ተጨንቃ፣ እኔም ልምጣ አለችኝ። ጓደኞቿ ወደ ካርቱም ሊወጡ ነው። መንገዱን የሚያውቅ ሰው አግኝተዋል። ትምህርት የትም አያደርስም፣ ሁለት ሆነን ብንሠራ ይሻላል አለች። አይሆንም አልኳት። ለምን አለች። መንገዱ ላይ ስለሚደርሰው፣ ፖሊስ ሲያፍስ ስለምንደበቅበት፣ በየቤቱ ስለሚሆነው ነገርኳት።

«እርስዎ ሄደው የለ» አለችኝ። «ምን ሆኑ? ደህና ነዎት።»

ልክ ናት። ሁልጊዜ ደህና ነኝ ነው ያልኳት። ሐጃ ደግ ናቸው፣ ቤቱ ሰፊ ነው፣ እያልኩ በየዓርቡ የነገርኳት እንዳትሳቀቅ ነበር። እኔም እንደ እናቴ በበቅሎ አስገብቼላት ኖሯል። በዚያ ወሬ ተስባ ልትመጣ ነው። ከስልክ ማዕከሉ ስወጣ ወደ ደሴ ለመመለስ ቆርጬ ነበር።

ለሐጃ ስነግራቸው አልከለከሉኝም። የወንድማቸውን ልጅ አስጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡ። የመሄጃዬ ቀን በር ድረስ ሊሸኙኝ ተነስተው አልቻሉም፤ ከተቀመጡበት እጄን ይዘው ቆዩ። እሳቸውንም በዚያ ሁኔታ ጥዬ መሄዴ ከበደኝ። ያላ፣ ሂጂ፣ መኪናው ይጥልሻል አሉኝ። ከዚያ በኋላ አልተያየንም።

ደሴ ስደርስ ልጄ መናኸሪያ መጥታ ተቀበለችኝ። ከኔ ትረዝማለች። ሻንጣዬን ወስዳ ከፊቴ ሄደች። የመጣሁት እንዳትሄድ ብዬ መሆኑን ስታውቅ ተቆጥታኝ ነበር፤ እስካሁንም ያ ቁጣ ሙሉ በሙሉ አልወጣላትም። ቢሆንም አልሄደችም፤ በኋላም ትምህርቷን ጨረሰች። እናቴ ስታየኝ ክንዷን ዘርግታ አቀፈችኝ። ጠባሳዋን ሳምኩት። ስለዚያ ነገር ከዚያ በላይ አልተነጋገርንም።

በደረስኩ ማግስት እናቴ አረፍ ብላ፣ ልጄ ወደ ትምህርት ቤት ልትወጣ ስትዘጋጅ፣ ምሳ ልሥራላችሁ ብዬ ተነሳሁ። ምድጃውን አቀጣጠልኩ፣ ሽንኩርት ከተፍኩ። ከዚያ በተወለድኩበት ቤት ውስጥ፣ በገዛ እናቴ ማጀት መሀል ቆሜ ጨው የት እንደሚቀመጥ አጣሁት። መደርደሪያውን አየሁ፣ ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ። ልጄ ደብተሯን ይዛ ከበሩ ላይ ቆማ ታየኝ ነበር። ልጠይቃት አፈርኩ። በመጨረሻ ጠየቅኳት። ደብተሯን አስቀምጣ ገባችና፣ ከኋላዬ ተንጠራርታ፣ ከላይ ካለው ቆርቆሮ ውስጥ ጨዉን አውጥታ መዳፌ ላይ ጨመረችልኝ።